መልስ የለም

ቅዳሜ ነው፤ የአዳማ ነፋስ የጣራውን ቆርቆሮ ይመታል፤
ናፍያድ ከውስጥ ይጠራኛል፦ «ሌንሳ፣ ጨዋታሽ ሞቷል!»

ሥዕል የለው፣ ድምፅ የለው፤ ጥቁር መስኮት፣ ነጭ ፊደል፣
«ጓዳ ውስጥ ነህ፤ በሰሜን በር አለ፤ ምን ታደርጋለህ?» የሚል።
እኔ ነኝ የጻፍኩት ክረምቱን፣ መብራት በመጣ በጠፋ ቁጥር፣
ለልደቱ፤ የጠየቀው ኳስ ነበር፣
ኪሴ ውስጥ የነበረኝ ግን ፊደል ብቻ ነበር።

«ምን ነካህ?»
«ምንም። ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን ጓዳ።»
«ስንት ጊዜ?»
«እንጃ። ብዙ።»
«ለምን?»
«እኔና ቤቱ ማን ቀድሞ እንደሚደክም ልይ ብዬ።»

ስክሪኑን አየሁት፤ ቀይ ጽሑፍ እንደ ዳቦ ሰልፍ ረዝሞ፣
ጓዳ ሳሎንን ጠርቶ፣ ሳሎን ጓዳን ደግሞ፣
ጓዳ ሳሎንን፣ ሳሎን ጓዳን፣ እስከ መጨረሻው እስከ ታች፣
ከግርጌው አንድ ቃል፦ ሞላ። ከዚያ ጠቋሚዋ ቀጥ አለች።

መጀመሪያ ላፕቶፑን ጠረጠርኩ፣ ከፍራንኮ ያገለገለ የገዛሁትን፣
ማጠፊያው በፕላስተር የታሰረውን።
ቀጥሎ አይጧን፤ በሦስት ምት የምትሞተዋን። ሰረዝኳት።
ፋኖሱን አጠፋሁ። ቁልፉን ከኮዱ አወጣሁ።
ንጹሐኑን ሁሉ አስሬ ስጨርስ፣ እኩለ ሌሊት ላይ፣
በየክፍሉ ሁለት ምስክር አቆምኩ፤
ሲገባ «ገባሁ» የሚል፣ ሲወጣ «ወጣሁ» የሚል፤
አስነሣሁት፦

ገባሁ
  ገባሁ
    ገባሁ
      ገባሁ
        ገባሁ

ወጣሁ ያለ አልነበረም።
አንድም። ተኛሁ።

ጠዋት ወደ ፖስታ ቤት፣ ለባጃጁ መቶ ብር ዘረጋሁ፤
«እህቴ፣ መልስ የለም» ቢለኝ፣ ወንበሩ ላይ እንደ እብድ ሳቅሁ።
«የኔም የለውም!» አልኩት። ሰውየው በመስታወቱ አየኝ።

እናቴ ሱቅ አንድ ሚስማር አለ፣ እንጨት ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ፣
የዱቤ ወረቀት መሰኪያ፤ የከፈለው ይነቀላል፣ ያልከፈለው እዚያው ከረመ።
የኔም ክፍሎች እንደዚያ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ሲጠራ፣
«እስክትመለስ እጠብቃለሁ» የሚል ብጣሽ ይሰካል በተራ፤
የሚመለስ የለም፣ የሚነቀል የለም፣ ሚስማሩ ግን ስንዝር ነው፤
ልጁ ተመለስኩ ባለ ቁጥር፣ ሌላ ወረቀት መጨመሩ ነው።

ወደ ኋላ መሄድ መመለስ አይደለም።
ያ ጓዳ የፊተኛው ጓዳ አይደለም፤
በእሱ አናት ላይ የተሠራ አዲስ ጓዳ ነው፤
የፊተኛው ከሥር፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ይጠብቃል።

አባቴ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው።
መጣ እንላለን። የጫማውን ማሰሪያ ሳይፈታ
«ጋላፊ ላይ ወረፋ አለ» ይላል።

እሁድን ሙሉ አሥራ አንዱንም ክፍል አንድ በአንድ ፈታሁ፤
«አትጥራ፤ የሚቀጥለውን በር ስም ስጠኝና ውጣ» ብዬ አስወጣሁ።
ደጅ ላይ አንድ ዘበኛ ቀጠርኩ፣ ዙር የሚባል፣ የማይታክት፣
ስሙን ተቀብሎ የሚያደርስ፣ የማንም ዕዳ የሌለበት።

ገባሁ። ወጣሁ። ገባሁ። ወጣሁ።
ሚስማሩ ላይ አንድ ወረቀት፤ ያችው አንድ።

ናፍያድ እስኪመሽ ተጫወተ።
ሁለት ሺህ በር ቆጠረ። ጣቱን አራገፈ።
«ቤቱ አይደክመውም» አለ፣ ቅር ብሎት።
«ትናንት ይሻል ነበር። ያኔ መጨረሻ ነበረው።»

ልመልስለት አፌን ስከፍት
ከአስፋልቱ ጥሩምባ ተሰማ፣ ረጅም፣ የከባድ መኪና።
የማን እንደሆነ ሳናውቅ ልጁ በሩን ሳይዘጋ ሮጠ።
ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች፦

«ሳሎን ውስጥ ነህ። በሩ ክፍት ነው። ምን ታደርጋለህ?»